«አለቃዬ የተሞሉትን መጠይቆች አምጪ አሉኝ»

ጤና ይስጥልኝ፣

የ33 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የግል ባንክ የሰው ሀብት ክፍል ኦፊሰር ሆኜ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ በሰው ሀብት አስተዳደር ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ክፍያዬን የሚሸፍነው ባንኩ ሲሆን፣ ስጨርስ ለተወሰነ ዓመት ላገለግል ውል ፈርሜያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ሠራተኞች ሥራ ለመልቀቅ የሚያስቡበትን ምክንያት ይመለከታል። በአንድ ዲስትሪክት ሥር በ9 ቅርንጫፎች ከሚሠሩ 312 ሰዎች በያማኔ ቀመር (የናሙናን መጠን ለማስላት በሚያገለግለው) 176 መርጬ መጠይቁን በወረቀት በተንኩ፤ 158ቱ ተሞልተው ተመለሱልኝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ስምዎን አይጻፉ፤ መልስዎ ለትምህርት ብቻ ይውላል፤ በምስጢር ይያዛል» ብዬ ጽፌያለሁ።

ጥናቱን በባንኩ እንዳካሂድ የፈቀዱልኝ ዳይሬክተራችን ናቸው። ውጤቱ ያለበትን ምዕራፍ አራት ለማየት ሲጠይቁኝ ረቂቁን ሰጠኋቸው። እዚያ ውስጥ ከአንድ 16 ሠራተኞች ካሉት ቅርንጫፍ የመጣ ረዘም ያለ አስተያየት፣ የቅርንጫፉን ስም ሳልደብቅ፣ ቃል በቃል አስገብቼ ነበር። ሥልጠናና ዕድገት የሚሰጠው ለማኔጀሩ ቅርብ ለሆኑ ብቻ እንደሆነ፣ ካሽ እስኪመጣጠን አምሽተው የሚሠሩበት ሰዓትም እንደማይመዘገብ የሚናገር ነው። ከዚያ ወዲህ «የዚያን ቅርንጫፍ ወረቀቶች አምጪልኝ፤ ችግሩን ላስተካክል ነው እንጂ ማንንም ልቀጣ አይደለም» እያሉኝ ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። «የሚያስተምርሽ እኮ ባንኩ ነው» የሚል ቃልም ጣል አድርገዋል።

የባሰው ደግሞ የእጅ ጽሑፉን አውቄዋለሁ። ስቀጠር ሥራ ያስተማረችኝ፣ እንደ ታላቅ እህቴ የማያት ሴት ነች። እኔ እንዳወቅኩ ግን አታውቅም። ለዲፌንስ፣ ማለትም ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ለማቅረብ፣ ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል። ወረቀቱን ልስጣቸው? አስተያየቱን ከጽሑፌ ላውጣው? ለእሷስ ልንገራት? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

ውድ እህታችን፣

ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ የመጀመሪያውን ሳላንዛዛ ልመልስልሽ፤ ወረቀቱን አትስጫቸው። ሁለቱ ሌሎች ጥያቄዎች ትንሽ ማሰላሰል ይፈልጋሉ። ይሄኛው ግን አንቺም በልብሽ መልሱን የምታውቂው ይመስለኛል፤ እንቅልፍ የነሳሽም የሚከተለው ነገር ይሆናል። ስለዚህ «ልስጥ ወይስ አልስጥ» የሚለውን ትተን «እንዴት ብዬ ልከልክል፣ በምትኩስ ምን ላቅርብ» በሚለው ላይ እንቆይ።

በቅድሚያ ለዳይሬክተሩ ቅን እንሁንላቸው። የአንድ ቅርንጫፍ ሠራተኞች በአድልዎ እየተማረሩ መሆኑን የሰማ የሰው ሀብት ኃላፊ ዝም ቢል ነበር የሚያስወቅሰው። ምናልባት እንዳሉት በእርግጥ ማስተካከል ፈልገው ይሆናል። ግን ወረቀቱ ከእጅሽ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚወስኑት እሳቸው ብቻ አይሆኑም። ለዲስትሪክቱ ኃላፊ ያሳዩታል፤ ኃላፊው የቅርንጫፉን ማኔጀር ይጠራል፤ ማኔጀሩ የእጅ ጽሑፉን ለማወቅ ከአንቺ የበለጠ ዕድል አለው፤ የዕለት ቫውቸሩን እየፈረመ የሚውለው እሱ ነዋ። ማንም ክፉ ሳያስብ በሦስት ቀን ውስጥ አንዲት ሴት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሰው ሁሉ ለምን በሌላ ዓይን እንደሚያያት ግራ ይገባታል።

«ስም እኮ የለበትም» የሚለው መከራከሪያ አያታልልሽ። መጠይቅሽ እንደ ብዙዎቹ የማስተርስ መጠይቆች ከሆነ የመጀመሪያው ክፍል ፆታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ መደብ ይጠይቃል። አሁን አንዱን መስመር አንብቢው፦ ሴት፣ ከ36 እስከ 45፣ ዲግሪ፣ ከ10 ዓመት በላይ፣ ሲኒየር ኦፊሰር። 16 ሰው ባለበት ቅርንጫፍ ይህን የምታሟላ ስንት ሴት አለች? ላታኒያ ስዊኒ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሥራ የፖስታ ኮድ፣ የልደት ቀንና ፆታ ብቻ ተጣምረው ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶውን ለይተው ሊያሳውቁ እንደሚችሉ አሳይታለች። ያ በሚሊዮኖች መካከል ነው፤ በ16 ሰው መካከል ሁለት መልስ ይበቃል። ስለዚህ ኤክሴሉን ያለ ወረቀቱ መስጠትም መፍትሔ አይሆንም። ዳይሬክተሩ «እሺ ዳታውን ብቻ ላኪልኝ» ቢሉሽ መልሱ ያው ነው።

ከእሳቸው ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ግን ማታውኑ የምትሠሪው ሥራ አለ። ወረቀቶቹ የት ናቸው? ቢሮሽ መሳቢያ ውስጥ ከሆኑ ከዚያ አውጪያቸው። የጥናትሽ ሰነዶች እንጂ የባንኩ ፋይል አይደሉም። በድንጋጤ ግን አታቃጥያቸው፣ አትቅደጃቸውም። ዲፌንስ ላይ ፈታኞች ዋናውን መጠይቅ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ የሌለ መጠይቅ ደግሞ ተፈብርኳል የሚል ጥርጣሬ ያመጣል። ከሁሉ የሚሻለው በፖስታ አሽገሽ አማካሪሽ ዘንድ ወይም በትምህርት ክፍሉ ቁልፍ ያለው ካቢኔ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ካደረግሽ «በእጄ የሉም፣ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ናቸው» ስትዪ እውነት ትናገሪያለሽ።

ቀጥሎ ኮፒዎቹን ተከታተዪ። ዳታውን ወደ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ) ያስገባልሽ ሌላ ሰው ነበር? የወረቀቶቹን ፎቶ በቴሌግራም ልከሽለት ከሆነ እሱ ስልክ ላይም አለ፣ አንቺ ቻት ውስጥም አለ፤ ከሁለቱም ይጥፋ። በቢሮ ኮምፒውተር ሠርተሽ ከሆነ ፋይሉን ከዴስክቶፕ ብቻ ሳይሆን ከመጣያውም አጽጂ፤ በባንኩ ኢሜይል ለራስሽ የላክሽው ካለም አስቢበት። ከዚያ ሁለት ፋይል ይኑርሽ። አንዱ ሙሉው ነው፤ በይለፍ ቃል ተዘግቶ በግልሽ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው የምትሠሪበት ነው፤ ከእሱ የቅርንጫፉን ስም አንሺና በዘፈቀደ ኮድ ተኪው፣ ዕድሜን ከአምስት ምድብ ወደ ሁለት፣ የአገልግሎት ዘመንን ወደ ሁለት ወይም ሦስት አሳንሺው፣ የክፍት ጥያቄ መልሶችን ደግሞ ከሌላው መረጃ ነጥለሽ በሌላ ገጽ ላይ አስቀምጪ። አስተያየቱና የሥራ መደቡ በአንድ መስመር ላይ እስካሉ ድረስ አደጋው እንዳለ ነው።

ከዚያ ለአማካሪሽ ደውዪ። ከስልኩ በኋላ በኢሜይልም ጻፊላቸው፤ ምን ቃል ገብተሽ እንደነበር፣ ምን እንደተጠየቅሽ፣ መቼ እንደተጠየቅሽ፣ ምን እንደምትፈልጊ። የምትፈልጊው ከትምህርት ክፍሉ የሚወጣ አጭር ደብዳቤ ነው፦ «በጥናቱ የተሰበሰቡ የግለሰብ መጠይቆች ለሦስተኛ ወገን አይሰጡም፤ ባንኩ የተጠቃለለ ውጤት ያገኛል» የሚል። የትብብር ደብዳቤ ጽፈው ወደ ባንኩ የላኩሽ እነሱ ስለሆኑ ይህንንም መጻፍ ይገባቸዋል። ክፍሉ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ካለው ጉዳዩ ወደዚያ ይሂድ። ይህ ደብዳቤ ትልቁን ሸክም ከትከሻሽ ያወርዳል፤ ክልከላው የበታች ሠራተኛ እምቢታ መሆኑ ቀርቶ የተቋም ደንብ ይሆናል። ዳይሬክተሩም ክብራቸው ሳይነካ ሊቀበሉት ይችላሉ።

አሁን ወደ ንግግሩ። ኮሪደር ላይ ወይም ሻይ ሰዓት ላይ አይሁን፤ ሃያ ደቂቃ ለምኛቸውና ባዶ እጅሽን አትግቢ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ፈቃድዎን ባላገኝ ይህን ጥናት አልሠራውም ነበር፤ ውለታዎን አልረሳም። ችግሩን ለማስተካከል ማሰብዎም ደስ ብሎኛል። ወረቀቶቹን ግን መስጠት አልችልም፤ ለ158 ሰዎች በምስጢር እንደሚያዝ በጽሑፍ ቃል ገብቼ ነው የሞሉልኝ፤ ዩኒቨርሲቲውም አይፈቅድልኝም። በምትኩ ለእርምጃ የሚጠቅምዎትን ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ።» እዚያ ላይ ቁሚ። ምክንያት በደረደርሽ ቁጥር ለክርክር በር ትከፍቻለሽ። «ቢያንስ ማን እንደሆነ ትገምቺያለሽ?» ብለው ከጠየቁሽ «ስለ ማንም መላሽ መናገር አልችልም» በይ። «አላውቅም» አትበዪ፤ ማወቅሽን ታውቂያለሽና ውሸቱ በኋላ ይከብድሻል።

የምትሰጫቸው ሪፖርት ሁለት ገጽ ይበቃዋል፣ ግን ሕግ ይኑረው። መላሾቹ ከ10 ያነሱበትን ቡድን ለብቻው አታሳዪ። 16 ሠራተኛ ካለበት ቅርንጫፍ በናሙና የተመረጡት ከ10 በታች ሊሆኑ ስለሚችሉ ከሁለት ሌሎች ጋር አጣምሪው። ሰዎች የሚረሱት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ «ከዚህ ቡድን የተስማማ አንድም ሰው የለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ስም ባይጠቅስም ሁሉንም ያጋልጣል። መቶ በመቶ ወይም ዜሮ የወጣበትን ውጤት በጥቅሉ «አብዛኞቹ» ብለሽ እለፊው። አስተያየቶቹን በጭብጥ አቅርቢ፦ የሥልጠና ዕድል አሰጣጥ፣ የትርፍ ሰዓት ምዝገባ፣ የዕድገት መስፈርት።

ዳይሬክተሩ በእርግጥ ችግሩን ሊፈቱ ከፈለጉ ከጸሐፊዋ ማንነት የበለጠ ማስረጃ በራሳቸው ቢሮ አላቸው፤ ይህን ማሳየት የንግግርሽ ጠንካራው ክፍል ይመስለኛል። ያለፉት ሁለት ዓመታት የሥልጠና መዝገብ በዘጠኙም ቅርንጫፍ ይታይ፤ ማን ስንት ጊዜ ሄደ? የዕድገት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤዎች አሉ። ሲስተሙ የዕለቱ ሒሳብ ስንት ሰዓት እንደተዘጋ ይመዘግባል፤ ያንን ከፔይሮሉ ጋር ማስተያየት ነው። አንድ ቅርንጫፍ በተደጋጋሚ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እየዘጋ አንድም ኦቨርታይም ካልተከፈለው ነገሩ ራሱ ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለ የትርፍ ሰዓት ሥራ የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ ስለሚያዝ፣ ይህ ለባንኩም የሕግ ጉዳይ ነው። ማጣራቱ ዘጠኙንም ቅርንጫፍ ካካተተ ደግሞ አንዱ ቅርንጫፍ ተለይቶ «ማን ነው የተናገረብን» የሚል ሹክሹክታ አይነሳም።

አንድ ጥናትም ልትነግሪያቸው ትችያለሽ። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ሥራ በሆስፒታል ክፍሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ ጥሩ አመራር ያላቸው ክፍሎች ያነሰ ስህተት ያሳያሉ ብላ ጠብቃ ነበር። የታየው ግን ብዙ ስህተት ነበር። ለካ ሠራተኞቹ ሳይፈሩ ስለሚናገሩ የተመዘገበው ስህተት በዝቶ ነው። ብዙ ትችት የመጣበት ቅርንጫፍ የግድ ከሁሉ የባሰው ላይሆን ይችላል፤ ምንም ያልተጻፈባቸው ቅርንጫፎች ይበልጥ ሊያሳስቡ ይገባል። አልበርት ሂርሽማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳስረዳው ቅር የተሰኘ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ይናገራል ወይም ይሄዳል። መናገር ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነ መልቀቂያ ማስገባት ይቀልለዋል። የጥናትሽ ርዕስ ይኸው አይደል? የአንድ ሰው ወረቀት ከወጣ በሚቀጥለው ዓመት ባንኩ የሚበትነው መጠይቅ ላይ ሁሉም «3፣ ገለልተኛ» እያከበበ ይመልሳል።

ዳይሬክተሩ ከዚህ በኋላም ቢጸኑስ? «እባክዎ ጥያቄውን በጽሑፍ ይስጡኝና ለዩኒቨርሲቲው ላቅርበው» በይ። በቃል የሚጠየቅ ብዙ ነገር በጽሑፍ አይጠየቅም። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ የሰው መረጃ ለሌላ እንዳይውል የሚከለክል መሆኑን ማወቅሽ ጥሩ ነው፤ ግን በመጀመሪያው ንግግር አታንሺው። ከአለቃ ጋር ንግግርን በአዋጅ መክፈት ነገሩን ወደ ፍጥጫ ይወስደዋል፤ የትምህርት ክፍሉ በደብዳቤው ቢጠቅሰው ይሻላል።

ፍርሃትሽን አላቃልለውም፤ ምንም አይደርስብሽም ብዬ ቃል ልገባልሽም አልችልም። ግን ፍርሃቱ ልኩ ይታወቅ። የስፖንሰርሽፑን ውል አውጪና አንብቢው። ባንኩ ክፍያ የሚያቋርጠው በምን ምክንያት ነው ይላል? ከፋይናንስ ክፍል ያልተከፈለ ስንት እንደቀረሽ ጠይቂ። ስድስት ሳምንት የቀረው ሰው አብዛኛው ክፍያው ተከፍሎለት ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ካወቅሽ ከዘመድም ከዕቁብም ሊሸፈን የሚችል መሆን አለመሆኑን ታያለሽ። ውሉን የሚያነብልሽ የሕግ ባለሙያ ብታገኚም መልካም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ አስተያየቱን ላውጣው ወይ የሚለው። ሐሳቡን አታውጪ፤ ቃሏን አውጪው። ያች ሴት የጻፈችው እንዲሰማ ነው፤ ፈርተሽ ብትሰርዢው ሌላ ዓይነት በደል ይሆናል። ከሌሎች ቅርንጫፎች ከመጡ ተመሳሳይ አስተያየቶች ጋር አዋህደሽ በራስሽ ቋንቋ አቅርቢው፣ ቅርንጫፍም አትጥቀሺ። የቅርንጫፎች ንጽጽር ሠንጠረዥ ካለሽም ስማቸውን በኮድ ተኪ። ዳይሬክተሩ ረቂቁን አንብበዋልና ያን መመለስ አይቻልም፤ የመጨረሻው ቅጂ ግን ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ ኢንተርኔት ላይም ሊወጣ ይችላል። ባንኩንም «አንድ የግል ባንክ» ብትዪው ይመረጣል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት አለ፤ በጽሑፉ ውስጥ ስሙን ደብቆ ምስጋና ገጹ ላይ ባንኩን በስሙ ያመሰግናል፣ አባሪው ላይ ደግሞ የባንኩ ማኅተም ያለበትን የፈቃድ ደብዳቤ ይለጥፋል። ሁለቱንም ቦታ እይው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። ልንገራት? ስሜትሽ ይገባኛል፤ ያስተማረችሽን ሰው ምስጢር ተሸክመሽ በየቀኑ ፊቷን ማየት ቀላል አይደለም። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ ብትነግሪያት ይበልጥ የሚቀለው ለማን ነው? ዛሬ ወረቀቱ በእጅሽ ሳለ ብትነግሪያት ምንም ልታደርገው የማትችለውን ፍርሃት ነው የምታወርሻት፤ ሳትመርጥም ማንነቷን ለአንቺ እንድታምን ታስገድጃታለሽ። ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ግምት ነው፤ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝስ? ስለዚህ እኔ ብሆን አሁን አልነግራትም፤ ወረቀቱ የሚወጣበትን በር ግን በፍጥነት እዘጋለሁ። ወረቀቱ ካንቺ ቁጥጥር ውጭ ከወጣ፣ ወይም ዳይሬክተሩ ስሟን ጠርተው ሲገምቱ ከሰማሽ ግን ያኔ በዚያው ቀን ንገሪያት፤ ራሷን ለማዘጋጀት መብት አላት።

በዚህ መካከል እሷን ሳትለዪ ሁሉንም የሚያረጋጋ ነገር ማድረግ ትችያለሽ። አማካሪሽ ከተስማሙ ለዘጠኙም ቅርንጫፍ አጭር የምስጋና መልእክት ላኪ፦ «ለትብብርዎ አመሰግናለሁ። ውጤቱ ለባንኩ የሚቀርበው ተጠቃልሎ ነው፤ የተሞሉት መጠይቆች በዩኒቨርሲቲው ይቀመጣሉ፤ ለማንም አይሰጡም።» ወረቀቶቹ ከተቀመጡ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አትላኪው።

ስለ ዲፌንሱም አንድ ልጨምር፤ ከዚሁ ጉዳይ የሚመጣ ነውና። ወረቀቶቹን የሰበሰበልሽ ማን ነበር? የየቅርንጫፉ ማኔጀር ከነበረ መላሾቹ ያንን እያወቁ ነው የሞሉት። አንቺም ራስሽ የዕድገት ፋይላቸውን የምትይዢ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነሽ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ያከበቡ መጠይቆች ስንት እንደሆኑ ቁጠሪ። እንዲህ ዓይነት መልስ ክሮንባክ አልፋን (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየውን ቁጥር) ብዙ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም፤ ስለዚህ አልፋሽ 0.9 ስለሆነ ብቻ አትተማመኚ። አሉታዊ አድርገሽ የጻፍሻቸው ጥያቄዎች ካሉ እነሱ ላይም ያው ቁጥር መከበቡን እይ። አንድ ቁጥር ብቻ የተከበበባቸውን መጠይቆች አውጥተሽ ትንተናውን ድገሚው፤ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አሳዪ፤ በጥናቱ ውስንነት ሥር የራስሽን ቦታ ሳትደብቂ ጻፊ። ፈታኝ ከመጠየቁ በፊት ራሱ የጻፈ ተማሪ ብዙ አይንገላታም።

ከዳይሬክተሩ ቢሮ ስትወጪ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ላኪላቸው፦ «ስለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ፤ እንደተነጋገርነው የተጠቃለለውን ሪፖርት እስከ አርብ አቀርባለሁ።» ስለ ወረቀቶቹ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሪበት፣ ለአማካሪሽም ኮፒ አድርጊ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጻፊልን፤ በተለይ ዳይሬክተሩ በጽሑፍ ከጠየቁሽ ደብዳቤው በደረሰሽ ቀን።